ክሩ ከስር ሲተበተብ ቦቢኑን አትክሰሱት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቤት ስፌት ማሽን እጠግናለሁ። ሶኬቱ መሰካቱን፣ መብራት መኖሩን፣ ቦቢኑ (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ትንሹ ክብ ዕቃ) ላይ ክር አለማለቁን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ሳታዩ የምትደውሉ እንዳላችሁ ባውቅም።

ከላይ ስፌቱ ደህና ነው፣ ከስር ግን ክሩ ተተብትቧል

ስልኬ በአብዛኛው የሚጠራው ለዚህ ነው። አነጋገሩም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ቦቢኑ ተበላሽቷል።» ትብትቡ ከስር ስለሚታይ የታችኛው ክር ጥፋተኛ ይመስላል። አይደለም። ከላይና ከታች የተለያየ ቀለም አድርጋችሁ ስፉና ከስር የተከመረውን እዩ። የላይኛው ክር ነው። የሚይዘው አጥቶ ዝም ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

መያዝ የነበረበት የክር ማጥበቂያው ነው፤ ያ ቁጥር የተጻፈበት። ውስጡ ጠፍጣፋ ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጨርቅ የሚጫነው እግር ሲነሳ ይላቀቃሉ፤ ሲወርድ ይገጥማሉ። እግሩን አውርዳችሁ ክር ካስገባችሁ በሩ ተዘግቷል። ክሩ መሃላቸው አይገባም፣ ጠርዛቸው ላይ ይቀራል። ከዚያ ቁጥሩን ከ4 ወደ 9 ብትወስዱት ምን ይፈይዳል? የሚጨብጠው ክር የለም።

ስለዚህ ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጡት። እግሩን አንሱ። መዘውሩን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ መርፌውን ጫፍ ድረስ አውጡት፤ ክር ሳቢው ክንድም አብሮ ብቅ ይላል። ከዚያ ከመጀመሪያው አስገቡ። ክንዱን ከዘለላችሁት ያው ትብትብ ነው። መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ክሩን በእጅ ሳቡት። እግሩ ተነስቶ ሳለ በቀላሉ ይመጣል። አውርዱና ሳቡ፤ አሁን ያዝ ማድረግ አለበት። ልዩነት ከሌለው አልገባም፣ ድገሙት።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ከመርካቶ ሶስት አዲስ የቦቢን ቤት ገዝተው ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። ማሽኑ ውስጥ ያለው አራተኛው፣ የታችኛውን ክር የሚያጠብቀው ብሎኑ በቢላ ጫፍ ተበልቷል። «ትንሽ አጠበቅኩት እንጂ ሌላ አልነካሁም ልጄ» አሉኝ። እግሩን አነሳሁ፣ ክሩን አስገባሁ፣ ሰፋሁ። አቦሉ ሳይቀዳ አለቀ። ያንን ብሎን ወደ ልኩ መመለሱ ግን እስከ በረካ አቆየኝ።

ብሎኑን አትንኩ። የብረት የቦቢን ቤት ከሆነ መጀመሪያ በክሩ አንጠልጥሉት። ሳትነኩት ባለበት ይቆያል፤ እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉ ትንሽ ወርዶ ከቆመ ደህና ነው። ዝም ብሎ ከተተረተረ ብቻ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል አጥብቁት። ከላይ የሚገባ ፕላስቲክ ከሆነ ጨርሶ አትነካኩት።

እግሩን አንስታችሁም ካልያዘ በብረቶቹ መሃል ብናኝ ወይም የክር ቁራጭ ተቀርቅሯል። በተለይ ሸማ የምትሰፉ ሰዎች፣ የፈትል ብናኝ የማይገባበት የለም። ቀጭን ጨርቅ አጥፋችሁ መሃላቸው ወዲህ ወዲያ ሳቡት። ቁራጩን የምታመጡት ደግሞ ራሳችሁ ናችሁ፤ ክር ስትቀይሩ ወደ ኋላ ትስባላችሁ። ከጥቅሉ ጋ ቁረጡና በመርፌው በኩል አውጡት።

ጥልፍ ላይ ከሆነ ይብሳል። ትብትቡ ጨርቁን ከማሽኑ ጋር ሰፍቶ ይይዘዋል። መወጠሪያውን በጉልበት አትሳቡ። አትሳቡ! የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ስስ ነው፤ ከቦታው ከተዛነፈ ጥልፋችሁ ሁሉ ተንሸራቶ ነው የሚወጣው። አንዲት ልጅ የሰርግ ቀሚስ ስትጠልፍ እንዲህ ተያዘባት። ወንድሟ መጥቶ ሳበላት። መወጠሪያው ወጣ፣ የመስቀሉ ግማሽ ማሽኑ ላይ ቀረ። ማሽኑን አጥፉ፣ ቀጭን መቀስ በጨርቁና በብረቱ መሃል አስገቡ፣ ክሩን ጥቂት በጥቂት ቁረጡ። ከዚያ ከመርፌው ስር ያለውን ብረት ፈታችሁ ቁርጥራጩን በወረንጦ ልቀሙ።

ጥልፉ ከተስተካከለ በኋላ ገልብጡት። የታችኛው ነጭ ክር መሃል ላይ ሲሶ ያህል ቦታ ከያዘ በቂ ነው።

ክር ይበጠሳል

ርካሽ ክር። ብርሃን ላይ ያዙት፤ ፀጉር ካበቀለ ለቁልፍ መትከያ አድርጉት። ወርቀዘቦ ከሆነ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ 90/14 መርፌ አድርጉና ፍጥነት ቀንሱ።

ስፌት ይዘላል

መርፌ ቀይሩ። ሻጩ የፋብሪካ ማሽን መርፌ እንዳይሰጣችሁ፤ የእሱ አንገት ሙሉ ክብ ነው። የቤቱ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ማሸጊያው 130/705 ኤች ይላል። ጠፍጣፋው በአብዛኛው የቤት ማሽን ወደ ኋላ ይዞራል። 8 ሰዓት ያህል ከሰፋችሁበት ጣሉት። «አልተሰበረም እኮ» አትበሉኝ።

ጨርቁ አይሄድም

ከእግሩ ስር ሆኖ ጨርቁን የሚገፋውን ጥርስ አውርዳችሁ ረስታችኋል።

ሞተሩ ይዞራል፣ መርፌው አይንቀሳቀስም

ቦቢን ማጠንጠኛው ወደ ጎን ተገፍቶ ቀርቷል። መልሱት።

መርፌው መንጠቆውን ይመታል

መንጠቆው ከስር ሆኖ የላይኛውን ክር የሚይዘው ነው። መርፌው አልተጣመመም? እንግዲያው የሁለቱ ጊዜ ተዛብቷል። ይህ ብዙ አይገጥምም፤ ለባለሙያ ስጡት።

ጭስ ሸተተ

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ነው አይደል? የዚያ አገር ማሽን 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ያ ትንሹ የሶኬት መቀየሪያ ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከመሰካታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የእህት ስጦታ ገና ከካርቶኑ እንደወጣ ሲጨስ አይቻለሁ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሲመለስ ዘሎ የሚመጣው ኃይል ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ድምፁ ጨምሯል፣ ከብዷል

እዚህ ሰፈር ግንባታው አላለቀም፣ አቧራው በመስኮት ይገባል። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ሸፍኑት። የቦቢኑን ቦታ በብሩሽ ጥረጉ፤ በአፍ አትንፉ፣ ብናኙን ከነእርጥበቱ ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። ዘይት መመሪያው በሚያሳየው ቦታ ብቻ፣ አንድ አንድ ጠብታ። ቀለም የሌለውን የስፌት ማሽን ዘይት ማለቴ ነው። የፀጉር ቅባት አይሆንም፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ማሽን ስከፍት የሳምቡሳ ሽታ የመታኝ ቀን አለ። ያን ማሽን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፣ ሂሳቡንም እንደዚያው ነው የጠየቅኩት።