ለእንጨት እስክሪብቶ የሚሆን የጠረጴዛ ድሪል እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ማሽን ሱቅ ገብታችሁ የጠረጴዛ ድሪል ብትጠይቁ ሻጩ ቶሎ ብሎ የሚነግራችሁ የሞተሩን ዋት ነው። «ይሄ 750 ነው አቦ፣ ብረት ራሱ አይችለውም!» ይላችኋል። አይቻለው። እናንተ የምትበሱት ጎኑ 2 ሴንቲ የማይሞላ እንጨት ነው፤ ለሱ 350 ዋት ይበቃዋል። ብራችሁን ለሌላ ነገር አውሉት፦ ፑንታው (የሚበሳው ብረት) ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ሲወርድም እንደማይወዛወዝ እዩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ። የእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም እንጨት እያዞረ የሚልግ ማሽን፣ አላችሁ? እስክሪብቶ ያለ ቶርኖ ስለማይሆን ወይ አላችሁ ወይ ልትገዙ ነው። የቶርኖው የኋላ ራስ ፑንታ መያዣ የሚቀበል፣ የፊቱ ደግሞ እንጨቱን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ከሆነ እዚያው ላይ መብሳት ይቻላል። ቀዳዳውም ቀጥ ይላል። አንዳንድ እስክሪብቶ ለስጦታ ለመሥራት ከሆነ ድሪሉን ለጊዜው እርሱት። በብዛት ለሚሠራ ሰው ግን የጠረጴዛ ድሪል ሥራ ያቀላጥፋል።

የእጅ ድሪል የሚታሰርበት ስታንድ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰውም በዚያ ይጀምራል። እኔ አልመክርም። ላላ ያለ ነገር ላይ ሌላ ላላ ያለ ነገር ማሰር ነው ትርፉ።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

በብዛት የሚሠራው ቀጭኑ እስክሪብቶ ነው። ውስጡ የሚገቡት ሁለት የናስ ቱቦዎች እያንዳንዳቸው 53 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። የሚበሳላቸው በ7 ሚሊ ፑንታ ነው። እንጨቱ ከቱቦው ትንሽ መርዘም ስላለበት ቀዳዳው ቢያንስ 55 ሚሊ ይጠልቃል። አሁን ትንሹን ድሪል እዩት። የብዙዎቹ ጉዞ፣ ማለትም ፑንታው ወደ ታች የሚወርደው፣ 50 ሚሊ ነው። ለጥቂት አልደረሰም።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትታችሁ እጀታውን እስከ መጨረሻው አውርዱና ራሳችሁ ለኩ። 60 ሚሊ ከሞላ ለቀጭኑ ይሆናል። ወፍራሞቹን እስክሪብቶዎች የምታስቡ ከሆነ ቱቧቸው ስለሚረዝም 80 ሚሊ ፈልጉ።

50ዋ ቀድማ ቤት ገብታ ከሆነ አትጣሏት። የምትደርስበት ድረስ በስታችሁ ማሽኑን አጥፉ። ፑንታውን አውጡና ከሞርሳው (እንጨቱን ጨምቆ ከሚይዘው) ሥር እኩል ውፍረት ያለው ጣውላ አስገቡ። ማሽኑ እንደጠፋ ፑንታውን ወደ ቀዳዳው መልሱት፤ መስመሩን ራሱ ያገኛል። ከዚያ ሞርሳውን አስራችሁ አስነሱት። ጠረጴዛውን ፈትቶ ከፍ ማድረግ ግን አይሆንም። ክብ ምሰሶ ላይ ያለ ጠረጴዛ ሲፈታ ወደ ጎን ይዞራል፣ ቀዳዳው ይጣመማል።

ውዝዋዜው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሻጩ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ። ቀዳዳው ከመሃል ትንሽ ቢርቅ ችግር የለውም፤ እንጨቱ ቶርኖ ላይ የሚዞረው ቱቦውን ይዞ ነው። ችግሩ ፑንታው ሲወዛወዝ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ቱቦው ያኔ እንጨቱ ላይ ሳይሆን ኮላ ላይ ይቀመጣል። ቀጭኑ እስክሪብቶ ተልጎ ሲያልቅ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚቀረው እንጨት 1 ሚሊ አይሞላም። ከሥሩ ደጋፊ ካጣ ስንጥቅ ነው የሚለው፣ ያውም ሥራው ሊያልቅ ሲል።

ለመፈተሻ ቀጥ ያለ ክብ ብረት ያስፈልጋል። የተበላሸ ፕሪንተር ውስጥ ያለችው የምታብረቀርቅ ዘንግ ለዚህ የተሠራች ትመስላለች። አንድ ስንዝር የማትሞላ አስቆርጡ። ሱቅ ውስጥ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ዘንጓን ፑንታ መያዣው ውስጥ አስገብታችሁ እሰሩ፣ እጀታውን እስከ ታች አውርዱና አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ከዚያ ቺንጋውን በእጅ እያዞራችሁ የክብሪት እንጨት ወደ ዘንጓ አስጠጉ፤ ሊነካት ሲል አቁሙት። ዘንጓ ስትዞር በመሃላቸው ያለው ክፍተት እኩል ከሆነ ጥሩ። እየሰፋ እየጠበበ ከሆነ መያዣው ላይ፣ ዘንጓ ወደ ክብሪቱ በምትቀርብበት በኩል ምልክት አድርጉ። ዘንጓን ፈትታችሁ ግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሳችሁ እሰሩ። የምትቀርበው አሁንም በምልክቱ በኩል ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። በተቃራኒው ከሆነ ዘንጓ ናት የጎበጠችው።

አዲስ ማሽን ሲወዛወዝ ወዲያው አትፍረዱበት። አንዳንዴ የፑንታ መያዣው የሚሰካበት ሾጣጣ ብረት ከፋብሪካ ግራሶ ተቀብቶ ይመጣና በደንብ ሳይቀመጥ ይቀራል። በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይመለስ፣ ከሥር በእንጨት መዶሻ መታ ይደረግ። ከዚያ እንደገና ይፈተሽ።

አሁንም እጀታው ታች እንዳለ መያዣውን ጨብጣችሁ ወደ ግራ ቀኝ ግፉት። ቋ ቋ ካለ ተዉት። ሻጭ ይሄን የሚያሳያችሁ ላይ እንዳለ ነው፤ ላይ ሲሆን የሚላላ የለማ! በመጨረሻ ሶኬቱን ሰክታችሁ አስነሱትና ስሙት። የኩሽኔታ ድምፅ የሚለይ ሰው ካወቃችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ድሬ በዚህ አትታማም፤ የባቡሩን ወርክሾፕ ያዩ አንጋፋ ሜካኒኮች ጆሮ ከመሣሪያ አያንስም።

መብራትና ፍጥነት

ያገለገለ ስትገዙ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አንብቡ። 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለባት። የአውሮፓ ዕቃ እንዲህ ነው። የአሜሪካው ከ110 እስከ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶ ይዞራል፣ ይግላልም።

ሌላው ማብሪያው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ የሚነሳ ከሆነ አደገኛ ነው፤ እጃችሁ ፑንታው ሥር ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ እየዞረ ሳለ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ቁልፉ ካልተጫነ የማይነሳውን ምረጡ።

ፍጥነት በቺንጋ የሚቀየረው በቂ ነው። በቁልፍ የሚቀየረው ምቹ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ብር አላወጣበትም። ለ7 ሚሊ ፑንታ በደቂቃ ከ1500 እስከ 2000 ዙር፣ ለ10 እና ለ12 ደግሞ 1000 አካባቢ ይሆናል።

ቤት ከገባ በኋላ

ከሥራ ጠረጴዛችሁ ጋር በብሎን እሰሩት። ወፍራም ሽቦ እንደ «ረ» እግር አጥፋችሁ ፑንታ መያዣው ላይ እሰሩና በእጅ አዙሩ። ጫፏ ጠረጴዛውን ዙሪያውን እኩል መንካት አለባት፤ ካልነካች ጠረጴዛውን አስተካክሉ። ጓንት አይደረግም። ሽርጥ ለባሾችም ጫፉን ሰብሰብ!

ወይራም ሆነ የሐረርጌ የቡና ግንድ ጠንካራ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አይበሳም። በየ10 ሚሊው ፑንታውን እያወጣችሁ ብናኙን አራግፉ፤ ካልሆነ እንጨቱ ይግልና ይሰነጠቃል። እንጨቱን መጀመሪያ ከሚፈለገው 5 ሚሊ አስረዝማችሁ ቁረጡት። ፑንታው በሥር ሳይወጣ አቁሙና ያልተበሳውን ጫፍ በመጋዝ ቁረጡት፤ ቀዳዳው አፉ ሳይሸረፍ ይከፈታል።