ከጓደኞች ጋር ሳባህ ወፍ ለማየት ስትሄዱ እነዚህን አታድርጉ

ሳባህ የቦርንዮ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ የማሌዥያ ክፍለ ግዛት ናት። ወፎቹን በድምፅ የሚለይ የአገሬው አስጎብኚ ይዞ ከጓደኞች ጋር መሄድን የመሰለ ነገር የለም። ቡድን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ግን የማያቸው ስህተቶች ያው ናቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በስልክ የወፍ ድምፅ ማጫወት ነው። ዳነም ሸለቆ ውስጥ አስጎብኚያችን የአንድ ራሰ ሰማያዊ ፒታ ድምፅ ሰምቶ እንድንቀመጥ በእጁ ጠቆመን። ወፉ ቅጠል እየገለበጠ በእግሩ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ከኋላ አንድ ጓደኛችን ያንኑ ድምፅ ከስልኩ ለቀቀው። ወፉ ጥሻ ውስጥ ገባ፤ ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልወጣም። ወንዱ ያን ድምፅ የሚሰማው ግዛቱን ሊነጥቅ እንደመጣ ባላንጣ ነው። መብላቱንና ጎጆውን ትቶ የሌለ ጠላት ፍለጋ ይወጣል፤ ለአዳኝም ይጋለጣል። ነገ ሌላ ቡድን ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ሌላ፤ ሁሉም «አንዴ ብቻ» ይላል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። አስጎብኚውንም «እስቲ አንዴ ድገምልን» እያላችሁ አትወትውቱት፤ ጉርሻ የሚጠብቅ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ጎጆ ሥር መሰብሰብም እንዲሁ ነው። የእኛ እርኩም ዘመድ የሆኑት የዚያ አገር ሆርንቢሎች እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ሲደርስ ሴቷ የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን ትደፍነዋለች፤ በምትቀረው ስንጥቅ ወንዱ ለወራት ይመግባታል። ከሥሩ ሰው ቆሞ ሲያወራ ምግቡን እንደያዘ ይመለሳል። የቦርንዮ 8 የሆርንቢል ዝርያዎች በሙሉ ኪናባታንጋን ወንዝ አካባቢ ይገኛሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ምንቃሩ ላይ ድፍን ቀንድ ያለው፣ ለዚያ ቀንዱ ሲባል እየታደነ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። እዚያ ድረስ ሄዶ እሱን ማስራብ ምን ይባላል?

የጫካው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ከአስጎብኚው ኋላ ያሉት ሁለት ሰዎች ያያሉ፤ የቀረው የጓደኛውን ጀርባ ያያል። ስለዚህ ፊት የሚሄደው ሰው ይቀያየር፤ ይህንንም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ጓደኝነት የሚሻክረው እዚህ ላይ ነው።

ወፍ ስታዩ «እዚያ! እዚያ!» አትበሉ፤ እጃችሁንም አታወናጭፉ። «ነጩ ግንድ፣ በቀኝ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ» በሉ።

ባይኖኩላራችሁ (የሩቅ ማሳያ መነጽራችሁ) 8 በ42 ይሁን፤ 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው። ኪስ የምትገባው ትንሿ ለስታዲየም ትሆናለች እንጂ ለጫካ ጨለማ አትበቃም። ኤር ኮንዲሽን ባለበት ክፍል ያደረ መነጽር ደጅ ሲወጣ በጉም ይሸፈናል፤ ደህናው የጠዋት ሰዓት በመጥረግ ያልፋል። ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ዝናብ የማይነካው በረንዳ ላይ አኑሩት። የትንኝ መከላከያ የተቀባ እጅም አታስነኩት፤ ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበት ቅባት ፕላስቲኩን ይበላዋል።

አልቅት አይገድልም። እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የአልቅት ካልሲ ሱሪያችሁ ላይ አጥልቁ፣ በቃ።

ሰዓት ስትቀጣጠሩ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ለሁሉም ግልጽ ይሁን። አስጎብኚው 5:30 ሲል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው፤ አንድ ሰው ተኝቶ ሲቀር ሁሉም ይቆማል።

የመጨረሻው፣ ሁሉንም ቦታ በአንድ ሳምንት ለማዳረስ መሞከር ነው። ኪናባሉ ፓርክ፣ ሴፒሎክ፣ ኪናባታንጋን፣ ዳነም እያላችሁ በየሌሊቱ ሻንጣ ስትዘጉ ጠዋቶቻችሁ መኪና ውስጥ ያልቃሉ፤ ወፍ የሚታየው ደግሞ ጠዋት ነው። ጊዜ ካጠራችሁ አንዱን ቦታ ሰርዙ። ዳነም ላይ ከሦስት ሌሊት በታች አትያዙ፤ ዝናብ አንዱን ቀን ቢወስድባችሁ ሌላ ይቀራችኋል። ኪናባሉን ካልተዋችሁት ግን ሹራብ ያዙ፤ የፓርኩ ዋና ቅጥር ግቢ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ይበርዳል።