ኦስካርን ጎጃም ሆኖ መከታተል፦ ከጥር ዕጩዎች እስከ መጋቢት ሌሊት

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ሆኖ የፊልም ሽልማቱን ወቅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል ይቻላል። ፊልሞቹ በአካባቢው ሲኒማ ቤት ባይታዩም፣ ሥነ ሥርዓቱ አገር ሲተኛ ቢጀመርም፣ ዋናው ችግር እሱ አይደለም። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሰዓቱን፣ ዳታውንና መብራቱን የሚያስበው የዚያኑ ዕለት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከሌሊቷ ተነስቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ ይሻላል።

ሰዓቱና ቀኑ

በቅርብ ዓመታት ሥነ ሥርዓቱ የሚጀምረው እሑድ በኒው ዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ይህ ለእኛ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን 9 የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ እኛ አንገፋም። ሥነ ሥርዓቱ በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ከዋለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ከዋለ ደግሞ 9 ሰዓት። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። 99ኛው ኦስካር የተቀጠረው ለማርች 14 ቀን 2027 ማለትም ለእሑድ መጋቢት 5 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ያ ዕለት ራሱ ሰዓት የሚገፋበት ቀን ስለሆነ 8 ሰዓት ብላችሁ ያዙ። 100ኛው ግን ለማርች 5 ቀን 2028፣ የካቲት 26 ቀን 2020 ዓ.ም. ተቀጥሯል፤ የሰዓቱ ልማድ ካልተለወጠ 9 ሰዓት ይሆናል።

ቀን ለመቁጠር አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ መጋቢት 1 ሁልጊዜ ማርች 10 ነው። ከዚያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መቁጠር ቀላል ነው።

ሰው የሚሳሳተው ጥሪ ላይ ነው። ስልክ «ሰኞ 2:00» ብሎ የሚያሳየው የእኛን ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ይህን አንብቦ ሰኞ ጧት 2 ሰዓት የሚመጣ አለ፤ ሰኞ ማታ የሚመጣም አይጠፋም። ስለዚህ ጓደኞቻችሁን ስትጠሩ ሰዓት ብቻ አትጻፉ። «እሑድ ማታ እራት በልታችሁ ኑ፣ እዚሁ ታድራላችሁ» በሉ። ሌሊት ባጃጅ ስለማይገኝ ማደሩ አይቀርም፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ ቀድሞ ይታሰብ።

ከጥር እስከ መጋቢት ምን ይታያል

ዕጩዎቹ የሚታወቁት በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል እስከሚከበርበት ጥር 23 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዝርዝሩ የሚነበበው በእኛ ከቀኑ 10፡30 ላይ ስለሆነ ማንም እንቅልፍ አያጣም። ከዚያ እስከ ሽልማቱ ሰባት ሳምንት ያህል አለ። ከ98ኛው ጀምሮ ለፊልሙ ተዋናዮችን ለሚመለምሉ ባለሙያዎች አዲስ ዘርፍ ስለተጨመረ ዘርፎቹ 24 ሆነዋል። ሁሉንም ዕጩ ማየት አይቻልም፣ አያስፈልግምም።

በአጫጭር ፊልሞቹ ጀምሩ። አኒሜሽን፣ ልብ ወለድና ዶክመንተሪ ተብለው ሦስት ዘርፎች አሏቸው። በየዘርፉ 5 ዕጩዎች አሉ፣ በድምሩ 15። ኦስካርን በሚሰጠው የፊልም ባለሙያዎች ድርጅት፣ በአካዳሚው ደንብ አንድ አጭር ፊልም የስም ዝርዝሩን ጨምሮ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። ከእነዚህ መካከል በየዓመቱ የተወሰኑት በኒው ዮርከር መጽሔትና በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የዩቲዩብ ቻናሎች ላይ በሕጋዊ መንገድ በነፃ ይለቀቃሉ። የግምት ውድድር የሚወሰነውም እዚህ ነው፤ አብዛኛው ሰው ሳያይ ስለሚገምት ያየ ሰው ይቀድመዋል።

ረጃጅሞቹን በተመለከተ፣ ኔትፍሊክስ ያለው ሰው ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዶ ቤቱ ገብቶ ማየት ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ የማውረጃውን ጥራት ዝቅተኛው ላይ ካደረጋችሁ ፊልሙ ቶሎ ይወርዳል፣ ስልኩንም አያጨናንቅም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የወረደ ፊልም ቀነ ገደብ አለው፤ አንዳንዱ አንዴ ማየት ከጀመራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። «እስኪ ትንሽ ልየው» ብሎ ከፍቶ ለሳምንቱ መጨረሻ ማቆየት አይሠራም።

ፊልሙ ካልተገኘ ስክሪፕቱ ይገኛል። ስቱዲዮዎቹ ለመራጮች ቅስቀሳ ሲሉ የዕጩ ፊልሞቻቸውን ስክሪፕት በነፃ በፒዲኤፍ ይለቃሉ። ብዙውን ጊዜ 120 ገጽ ገደማ ነው፣ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ይፈጃል። ለስክሪፕት ዘርፎቹ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለም፤ ፊልሙን አይቶ ስክሪፕቱን ያላነበበ ሰው የማያስተውለውን ነገር ታገኙበታላችሁ።

ማን ይወስዳል ብሎ መገመት

የግምት ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ሥሩ፦ «የሚገባው» እና «የሚወስደው»። ሁለቱን ያልለየ ሰው የወደደውን ፊልም ይጽፍና 24ቱንም ይስታል። ነጥብ የሚቆጠረው በሁለተኛው ዓምድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ለክርክሩ ነው፣ ክርክሩ ደግሞ የሌሊቱ ግማሽ ደስታ ነው።

ለሁለተኛው ዓምድ የሙያ ማኅበራቱን ሽልማት ተከተሉ። የሚሰጡት በአብዛኛው በየካቲት ነው፤ የሚመርጡትም ራሳቸው ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ በአካዳሚውም ውስጥ አሉ። የዳይሬክተሮች ማኅበር ሽልማት ከ1948 ጀምሮ ሲሰጥ ከኦስካሩ ዳይሬክተር ጋር የተለያየው ከ10 ጊዜ በታች ነው። በምርጥ ፊልም ደግሞ የፕሮዲውሰሮች ማኅበርን እዩ፤ እነሱም እንደ አካዳሚው በደረጃ ነው የሚመርጡት። ጎልደን ግሎብን ያን ያህል አትመኑት፦ ድራማውንና ኮሜዲውን ለይቶ ስለሚሸልም ሁለት አሸናፊ ይሰጣችኋል፣ መራጮቹም ጋዜጠኞች እንጂ የአካዳሚው አባላት አይደሉም።

ዕጩ የሚያደርገው ሌላ፣ የሚሸልመው ሌላ መሆኑንም አትርሱ። ተዋናዮችን ዕጩ የሚያደርጉት ተዋናዮች ናቸው፣ ኤዲተሮችን ኤዲተሮች። መጨረሻ ላይ ግን በሁሉም ዘርፍ ሁሉም አባል ይመርጣል። ስለዚህ በጥር ያስገረመ ዕጩ በመጋቢት ሲሸነፍ አይግረማችሁ። ከ98ኛው ጀምሮ ደግሞ አንድ አባል በአንድ ዘርፍ ለመምረጥ የዚያን ዘርፍ ዕጩዎች በሙሉ ማየት ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ምርጥ ፊልም። ይህ ዘርፍ 10 ዕጩዎች አሉት፤ አቆጣጠሩም ከሌሎቹ ይለያል። በሌሎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። እዚህ ግን መራጩ ፊልሞቹን ከ1ኛ ጀምሮ በደረጃ ይጽፋል፣ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት። ይህን በቃል ከማስረዳት በወረቀት ማሳየት ይቀላል፤ ሌሊቱ እስኪደርስ ጥሩ ጨዋታም ይሆናል።

11 ሰው አለ እንበል። አራት ፊልሞች፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እያንዳንዱ ሰው በቁራጭ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 4 ይጽፍና ወረቀቶቹ በ1ኛ ምርጫቸው ይከመራሉ። ሀ 4፣ ለ 3፣ ሐ 3፣ መ 1 አገኙ። ለማሸነፍ 6 ያስፈልጋል፣ ማንም አልደረሰም። ትንሹ ክምር መ ስለሆነ ይወጣል፤ ወረቀቱ አይጣልም፣ 2ኛ ምርጫው ይታያል። «ለ» ይላል፣ ወደ ለ ይሄዳል። አሁን ሀ 4፣ ለ 4፣ ሐ 3። ሐ ይወጣል። ከሦስቱ ወረቀቶች ሁለቱ 2ኛ ላይ ለን ጽፈዋል። ሦስተኛው መን ጽፏል፣ መ ግን ቀድሞ ወጥቷል፣ ስለዚህ ወደ 3ኛ ምርጫው ወርዳችሁ ታያላችሁ፤ እሱም ለ ነው። ለ 7፣ ሀ 4። መጀመሪያ ሲመራ የነበረው ሀ ተሸነፈ።

ለግምታችሁ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ጥቂቶች የሚሞቱለት፣ ሌሎች ግን መጨረሻ ላይ የሚጽፉት ፊልም አይወስድም። ብዙ ሰው 2ኛ ወይም 3ኛ ላይ የሚጽፈው ይወስዳል። «የማንም ጠላት ያልሆነው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነጥቡን እንዲህ አከፋፍሉት፦ ለምርጥ ፊልም 3፣ ለሦስቱ አጫጭር ዘርፎች 2 2፣ ለቀሪዎቹ 20 ዘርፎች 1 1። ድምሩ 29 ይመጣል። ነጥብ እኩል ከሆነ የሚለያቸው ሥነ ሥርዓቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚለው ግምት ነው፤ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ይጻፍ። ወረቀቶቹ የመጀመሪያው ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት ተሰብስበው አንድ ሰው ዘንድ ይቀመጡ። ስልክ ላይ የተጻፈ ግምት አትቀበሉ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ «እኔ እኮ እሱን ነበር ያልኩት» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚያ ነው።

የራሳችሁን የአማርኛ ፊልሞች ምርጫ ጎን ለጎን ብታደርጉ ደስ ይላል። ኢትዮጵያ «ድፍረት»ን በ2014፣ «ላምብ»ን በ2015 ለውጭ አገር ፊልም ዘርፍ ልካ ነበር፤ ከመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ አልገቡም። ሁለቱንም ላላየ ወጣት ማሳየት በራሱ አንድ ምሽት ይገባዋል። ውጤቱን በፖስታ የምታሽጉ ከሆነ የዘርፉን ስም ፖስታው ላይ ከሩቅ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፉ። በ2017 ኦስካር መድረክ ላይ ለምርጥ ፊልም አቅራቢዎች የተሰጠው የምርጥ ሴት ተዋናይ ቅጂ ፖስታ ስለነበር «ላ ላ ላንድ» ተብሎ ተጠራ፤ ትክክለኛው አሸናፊ «ሙንላይት» ነበር። አካዳሚው ከዚያ በኋላ የዘርፉ ስም ጎልቶ እንዲታይ ፖስታውን ቀይሮታል።

ሌሊቱ

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ። ሥነ ሥርዓቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ፕሮጀክተር 250 ዋት፣ ላፕቶፕ 60፣ ራውተር 10 ቢወስዱ 320 ዋት ነው፤ ለሦስት ሰዓት ተኩል 1120 ዋት ሰዓት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ በስም 1200 ይይዛል፣ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ግን ይጎዳል፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ በእጃችሁ የሚቀረው 500 ገደማ ነው። ለፕሮጀክተሩ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ጨለማ። ጠባቡን ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ብትመርጡ 50 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ያው ባትሪ ከነላፕቶፑና ራውተሩ አራት ሰዓት ያዳርሳል። ጄኔሬተር የሌለው ቤት ፕሮጀክተር አይከራይ።

ጄኔሬተር ካላችሁና ፕሮጀክተር ከዘረጋችሁ፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ከሁሉም ይሻላል። ግድግዳው ካልተመቸ ጋቢ ወጥሩ፤ ነጠላ ብርሃኑን ያሳልፈዋል። ጋቢውን በአራቱም ማዕዘን ሳብ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጥለቱ ወደ ታች ይሁን።

ዳታውን እንዲህ አስሉ፦ በ480ፒ የምስል ጥራት በሰዓት 0.7 ጊጋ ባይት ያህል ይሄዳል፣ ለሌሊቱ 2.5። በ720ፒ ግን በሰዓት 1.5 ገደማ፣ ከ5 በላይ። ለመጠባበቂያ አንድ ጊጋ ጨምሩ። ጥራቱን በእጃችሁ 480ፒ ላይ ቆልፉት፤ «አውቶ» ላይ ከተተወ ኔትወርኩ በጠራ ቁጥር ራሱ ከፍ ይልና ጥቅሉን ይጨርሰዋል። ጥቅሉን እሑድ ማታ ግዙ፣ የሚያበቃበትንም ሰዓት አንብቡ። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አንድ አንድ ቢኖር አንዱ ሲደክም ሌላው ይረዳል። የቀይ ምንጣፉን ሰዓት ዝለሉት፤ ልብሱን ሰኞ በፎቶ ማየት ያንኑ ያህል ያረካል፣ የተረፈው ዳታ ለመጨረሻዎቹ ዘርፎች ይቆያል። ምርጥ ፊልም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነውና።

ምግቡን በተመለከተ፣ ይህች ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ በሁዳዴ ውስጥ ትወድቃለች። ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ለእራት፣ ከዚያ የገብስ ቆሎና ፈንዲሻ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም የማይቀምሱ እንግዶች ስለሚኖሩ የሚበላው ቀደም ብሎ ይቅረብ፤ ቡናውም ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ይፈላ። እንቅልፍ የሚጥለው ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ የቴክኒክ ዘርፎቹ ሲደራረቡ። ያኔ የነጥቡን ሰሌዳ ለሚያንጎላጅ ሰው ስጡት፤ ጽፎ ሲደምር ይነቃል።

ሰኞ ሥራ ያለበትና ማምሸት የማይችል ሰው ተኝቶ በ11 ሰዓት ተኩል ይነሳ። ከመተኛቱ በፊት የቴሌግራምና የፌስቡክ ማሳወቂያዎችን ይዝጋ፤ ካልዘጋ አሸናፊውን ከማንቂያው ደወል በፊት ያየዋል። የንግግሮቹ ቁራጭ ቪዲዮ በአካዳሚው ዩቲዩብ ቻናል ላይ ይለቀቃል።

ለጊዜው ቀጥታ ሥርጭቱን የሚያሳየውን ቻናል በየዓመቱ መፈለግ ግድ ነው፤ ዲኤስቲቪ ያለው ሰው የሳምንቱን ፕሮግራም ቀድሞ ይመልከት። አካዳሚው ከ101ኛው፣ ማለትም ከ2029 ጀምሮ ሥነ ሥርዓቱን ለዓለም ሁሉ በዩቲዩብ በነፃ እንደሚያስተላልፍ አስታውቋል። እስከዚያ ከሁለት ቀን በፊት፣ ዓርብ ማታ፣ ያሰባችሁትን ሥርጭት በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ሲምና በዚያው ባትሪ ግማሽ ሰዓት ሞክሩት።