የወንጀል እንቆቅልሽ በ«አዎ» እና በ«አይደለም» እንዴት ይፈታል?

መጀመሪያ መልሱን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌሎቻችሁ ጠይቁት። እሱ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «ለውጥ የለውም» (ጥያቄው ለመልሱ አይጠቅምም ማለት ነው) ብቻ ነው የሚለው፤ በፊቱ ገጽታም ቢሆን ፍንጭ እንዳይሰጥ አደራ።

በዚህ እንሞክረው። ሰውየው ቢሮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። እጁ ላይ ሽጉጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ቴፕ አለ። መርማሪው ቴፑን ሲከፍተው «ከእንግዲህ በቃኝ» የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ተኩስ ተሰማ። ወዲያው «ይሄ ሰው ተገድሏል» አለ። እንዴት አወቀ?

ብዙ ሰው ዘሎ «ሚስቱ ናት?» ይላል። ተዉት፣ ጥያቄ ማባከን ነው። ከአማራጮቹ ግማሹን የሚያስወጣ ጥያቄ ጠይቁ። «ፍንጩ ክፍሉ ውስጥ ነው?» አዎ። «ሽጉጡ ላይ?» አይደለም። «ቴፑ ላይ?» አዎ። «ድምፁ የሟቹ ነው?» አዎ። እንዲህ በየጊዜው ግማሽ ግማሹን ከቀነሳችሁ 20 ጥያቄ ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አማራጮችን ይለያል።

አንዳችሁ ጻፉ። ግራ ሲገባችሁ ቆም በሉና የተረጋገጠው ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም እስካሁን ዝም ብላ የቆየችው ልጅ ድንገት «መርማሪው ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶታል?» ትላለች።

አይደለም።

ታዲያ ሰውየው ከሞተ በኋላ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ማን መለሰው?