ቤት ሲያሠሩ የቀን ሠራተኛው ላብ እንዳይበላ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲያጣራ ይውላል፤ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ መጥቶ አርማታ የሚሸከምለት ልጅ በቀን ስንት እንደሚከፈለው ሲጠየቅ ግን «እሱን ለኮንትራክተሩ ሰጥቻለሁ» ይላል። ገንዘቡ የወጣው ከእርሱ ኪስ፣ ላቡም የፈሰሰው በእርሱ ግቢ በመሆኑ ይህ መልስ ከኅሊና ጋር አያስታርቅም።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ዋጋ ሲወዳደር ነው። አንዱ ተቋራጭ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ የእጅ ዋጋ ካቀረበልዎ ልዩነቱን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት፤ ግንበኛውና አናጢው ተከራክረው ዋጋቸውን ስለሚያስከብሩ፣ ቅናሹ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከቀን ሠራተኛው ነው። በውሉ ላይ የቀን ሠራተኛው ክፍያ፣ የሚከፈልበት ቀንና የደኅንነት መሣሪያ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ያስጽፉ፤ ሠራተኞቹ የፈረሙበት የክፍያ ቅጽ ሳይቀርብ ቀጣዩ ክፍያ እንደማይለቀቅም ያስገቡበት።

ከሁሉ በላይ ግን በክፍያ ቀን ሳይት ላይ ይገኙ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ቅዳሜ ማምሻውን ፎርማኑ ከተጨማደደ ደብተር ስም እየጠራ ሲከፍል፣ አንዱ ልጅ ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ ዝም ብሎ ሲቆም አየሁትና ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት፤ «የማደሪያ ተቆርጦ ነው» አለኝ። ማደሪያ የተባለው መስኮት ያልገባለት፣ ልጆቹ የሲሚንቶ ከረጢት እያነጠፉ የሚተኙበት የእኔው ምድር ቤት ነበር። በገዛ ቤቴ ኪራይ የሚሰበስብ ሌላ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ በቀጥታ ለሠራተኛው ወይም እርሱ ለወከለው ሰው እንዲከፈል ያዛል፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ፎርማን በቃሉ ብቻ የሚቆርጠው ገንዘብም ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ የሚሞላበት ቀን ለብቻው ይታሰብ። ሙሌት ከተጀመረ ስለማይቋረጥ ሥራው ወደ ምሽት እንደሚገፋ አስቀድሞ ይታወቃል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ስለሚከፈል በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት። ዳቦና ለስላሳ ማቅረብ ደግ ነገር ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ግን አይተካም። የባሕር ዛፍ መወጣጫውንም ሰው ከመውጣቱ በፊት በእጅዎ ነቅንቀው ይዩት። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሕግ ኃላፊ ነው።

ቤት የማያሠራ ጎረቤትም የሚያደርገው አያጣም። ደመወዙን የተከለከለ ልጅ ደጅዎ ቢመጣ የሠራባቸውን ቀኖች፣ የተስማማበትን ዋጋና የፎርማኑን ስልክ ወረቀት ላይ ይጻፉለት፤ አብረውት የሠሩ ምስክሮች ሳይበተኑም ወረዳው ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ስለሚታገድ፣ ልጁ ለመስቀል አገሩ ከመሄዱ በፊት አቤቱታውን ማስገባቱን ያረጋግጡ።