የውጭ ኩባንያ ላይ ተሲስ ስትሠሩ እነዚህ ስህተቶች እንዳያስቸግሯችሁ

ግንቦት ሲቃረብ የማስተርስ ተማሪዎች የተሲስ ረቂቅ ይልኩልኛል። ብዙው ስለ ውጭ ኩባንያና ስለ ሥራ ባህል ነው። ስህተቶቹም ከዓመት ዓመት ያው ናቸው።

አንደኛው የየአገሩን የሥራ ባህል በነጥብ የለካውን ተመራማሪ፣ ሆፍስቴድን፣ እንዳለ መገልበጥ ነው። «ኢትዮጵያዊ አለቃውን ይፈራል፤ ቁጥሩም ይኸው» ብሎ ምዕራፍ ሁለትን መዝጋት። ቁጥሩ ግን ከየት መጣ? ሆላንዳዊው ሆፍስቴድ መጀመሪያ የተጠቀመው የአሜሪካው ኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 የሞሉትን መጠይቅ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ሥራ ለብቻዋ ነጥብ አልነበራትም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምራ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተባለች። በጃንሆይ ዘመን የተሞላ የቢሮ ሠራተኛ መልስ ዛሬ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በምትሰፋ ልጅ ላይ ሲለጠፍ ምን ይባላል? ነጥቡ ደግሞ የቡድን አማካይ ነው። የአንድን ሰው ጠባይ አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ትርጉም ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፈረንጅ መጠይቅ ውስጥ «አሰርቲቭ» የምትባል ቃል አለች፤ ሐሳቡን ሳይፈራ፣ ሌላውንም ሳይጋፋ የሚናገር ማለት ነው። አንዷ ተማሪ «ደፋር» ብላ ተረጎመችው። ደንቡን ጠብቃ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው አደረገች። ጥሩ ቃል ሆኖ ተመለሰ፣ አለፈ። ፋብሪካ ስትገባ ግን «የቅርብ አለቃዬ ደፋር ነው» የሚለውን ያነበቡት ሠራተኞች ሳቁ። እናቶቻችን «አንቺ ደፋር!» ሲሉን እኮ እያሞገሱን አይደለም። አንዱ አለቃውን ሊያመሰግን፣ ሌላው ሊሰድብ፣ ሁለቱም ያው «5» ላይ፣ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ፣ ምልክት አደረጉ። መልሶ ማስተርጎም እንዲህ ያለውን አይዝም። መጠይቁን ከመበተናችሁ በፊት አምስት ስድስት ሠራተኛ ቁጭ አድርጉና «ጥያቄው ምን እያለ ነው? በራስህ አባባል ንገረኝ» በሉ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ሌላው፣ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) የመረጠላችሁን ሰው፣ ኤችአር ቢሮ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ ማናገር ነው። እንዲህ ከሆነ «ሁሉም ደህና ነው» ነው መልሱ። የስም ዝርዝር ጠይቁና ዕጣውን ራሳችሁ አውጡ። ከለከሉ? መከልከላችሁን ጻፉት። ሠራተኛ ለምን እንደሚለቅ የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ የለቀቁትን ፈልጉ፤ ያልለቀቀ ሰው ምን ሊነግራችሁ?

የመጨረሻው ዘመንና ብር ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የብዙ እናት ኩባንያዎች ግን በጃንዋሪ። የ2016 በጀት ዓመት በፈረንጆቹ የ2023 ሁለተኛ አጋማሽና የ2024 የመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ስለዚህ 8 ደምሮ መደርደር አያዋጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የምንዛሪ ሥርዓቱ ተለወጠ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በ2017 ሽያጩ በብር እጥፍ የሆነ ኩባንያ በዶላር ሲሰላ ንቅንቅ ሳይል ቀርቶ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የየትኛውን ቀን ምንዛሪ እንደወሰዳችሁም ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉ።