መንስኤው የማይታይ የሴት ብልት ሕመም፦ ለታማሚዋና ለቅርብ ሰዎቿ

ታናሽ እህቴ ቡና ሲፈላ በርጩማው ላይ በአንድ ጎኗ ጋደል ብላ እንደምትቀመጥ ያስተዋልኩት ሕመሙ ከጀመራት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ወደ ሥራዋ በብስክሌት መሄዷን ትታ በእግሯ መመላለስ ከጀመረች ቆይታ ነበር፤ ባሕር ዳር ያደገች ሴት ብስክሌቷን ያለ ምክንያት አትተውምና ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። እሷ በነውር፣ እኔ ባለማስተዋል ያባከንነውን ጊዜ ሌላው እንዳያባክነው በማሰብ የተማርነውን እጽፋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በተስማሙበት አጠራር መሠረት፣ በሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ላይ ቢያንስ ለ3 ወራት የቆየና ግልጽ መንስኤ ያልተገኘለት ሕመም ቩልቮዲኒያ ይባላል። አንዳንዷን ቀኑን ሙሉ ያቃጥላታል፤ ሌላዋን ደግሞ የሚያማት ስትቀመጥ፣ ሞዴስ ሲነካት ወይም ግንኙነት ስታደርግ ብቻ ነው። እህቴ “ቆዳዬ ተልጦ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ነው” ትል ነበር፤ ቆዳው ግን ሲታይ ምንም የለበትም። ሕመሙ ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በራሱም መካን አያደርግም። ብዙ ጊዜ በአካባቢው ያሉ ነርቮች በትንሽ ንክኪም ከልክ በላይ ይቆጣሉ፣ ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም ተኮማትረው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ምንም አለመታየቱ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ ሌሎች በሽታዎች አለመኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። እህቴ በአንድ ክሊኒክ ናሙና ሳይወሰድላት ሦስት ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት ታዞላታል፤ ቅባቱ ራሱ ቆዳዋን ከማስቆጣት በቀር የፈየደላት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከተደጋጋሚ ግምት ይልቅ የላቦራቶሪ ምርመራ መጠየቅ ይገባል። በከተማችን በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች አሉ። ቁስል፣ እብጠት፣ ነጭ ጠባሳ፣ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮው ሊዘገይ አይገባም። በወሊድ ጊዜ የተቀደደና የተሰፋ ቦታ፣ በልጅነት የተፈጸመ ግርዛት የተወው ጠባሳ፣ የወር አበባ መቋረጥም ለሐኪሙ መነገር አለባቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕክምና አላቸውና። ሐኪሙ በጥጥ በተጠቀለለ ቀጭን እንጨት የብልቱን መግቢያ ዙሪያ እንደ ሰዓት ቁጥሮች ነጥብ በነጥብ ቀስ ብሎ እየነካ የትኛው ቦታ እንደሚያም ይጠይቃል። ታማሚዋ ሴት ሐኪም መጠየቅ፣ የምታምነውን ሰው ይዛ መግባትና “ይቁም” ማለት ትችላለች።

ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅመው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ብልትን በሳሙና፣ በዴቶል፣ በሎሚ ወይም በጨው ማጠብ ሕመሙን ያባብሳል፤ ንጹህ ውኃ ብቻ ይበቃል። ወይባ መሞቅን ከእናቶቻችን የወረስነው ቢሆንም ሙቀቱና ጢሱ የተቆጣውን ቆዳ የበለጠ ሊያስቆጣው ስለሚችል እስኪሻላት ድረስ ቢቀር እመክራለሁ። ፓንት የጥጥና ሰፊ፣ ከታጠበም በኋላ የሳሙናው ርዝራዥ እስኪወጣ የተለቀለቀ ይሁን፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ያለ ፓንት መተኛት ያሳርፋል። ሽንት ሲያቃጥል እየሸኑ ለብ ያለ ውኃ ማፍሰስ፣ ሲብስ ደግሞ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ ይረዳል።

ጡንቻዎቹን ማላላት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እህቴ ጠዋትና ማታ ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ትተኛና አንድ እጇን እምብርቷ ላይ ታሳርፋለች፤ አየሩን ወደ ውስጥ ስትስብ ሆዷ እጇን ወደ ላይ ሲገፋው ሽንት ሲጀምር የሚላቀቀው ጡንቻ አብሮ ሲለቀቅ ይሰማታል። ከወሊድ በኋላ የሚታዘዘውን የማጥበቅ እንቅስቃሴ በራስ ውሳኔ መጀመር ግን አይገባም፤ የተኮማተረን ጡንቻ ይብስ ሊያኮማትረው ይችላልና። የዳሌ ጡንቻን የሚያውቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከተገኘ እሱ ይቅደም።

ሐኪሙ የሚያደነዝዝ የሊዶኬይን ቅባት ወይም ማታ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን ሊያዝ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ቢሆንም እዚህ የሚታዘዘው ነርቭን ለማረጋጋት ነውና “አእምሮዬን ነው ያሉኝ” ተብሎ መጣል የለበትም። ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥም አይገባም።

ለባል የምለው ከሁሉ ይከብደኛል፣ ግን መባል አለበት። ሚስትህ ስትሸሽህ ጠልታህ ወይም ሌላ ሰው ኖሮባት እንዳይመስልህ። የሚያም ግንኙነት በትዕግሥት የሚታለፍ አይደለም፤ ሕመሙ ፍርሃትን፣ ፍርሃቱ የጡንቻ መኮማተርን፣ መኮማተሩም ተጨማሪ ሕመምን ያመጣል። ስለዚህ የሚያማት ግንኙነት ለጊዜው ይቅር፤ መተቃቀፍና መቀራረብ ግን አይቅር፣ የት ላይ ማቆም እንዳለብህም እሷ ትወስን። ሲሻላት ሽታ የሌለው ማለስለሻ ይረዳል፤ ቫዝሊንና ዘይት ግን ኮንዶምን እንደሚያበላሹ አትርሳ።

ቤተሰብም ቢሆን “ወልደሽ ይለቅሻል” ከማለት ይልቅ “ዛሬ እንዴት ዋልሽ?” ቢላት ይሻላል። ጠበል መሄድ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ መድኃኒቱን እንድታቆም መገፋፋት ግን ይጎዳታል። ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ባጃጅ ሲያማት በጣና ዳር በእግር አብሯት የሚሄድ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ረጅም ሰዓት መቀመጥ ሲያቅታት ምክንያቱን ሳይዘረዝር ይዟት የሚነሳ ሰው ያስፈልጋታል። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንሄድ መሐሉ የተቦረቦረ የስፖንጅ መቀመጫ ይዤላት እገባለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ለምሳ ሲቆም እሷ ቆማ ትበላለች፣ እኔም አብሬያት እቆማለሁ።